«እስከ ኮምቦልቻ አደራ»

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ግንቦት እያለቀ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ነው። ደሴም እንደየዓመቱ የአዲስ አበባ የልጅ ልጆቿን ልትቀበል ነው። በእኛ ሰፈር በሆጤ ክረምቱን አያት ቤት የሚያሳልፍ ልጅ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ይህን ደብዳቤ ሰኔ ሳይገባ እንዲያወጡልኝ የምለምነው ለዚህ ነው።

መምህርት ነኝ። ደሴ ተወልጄ እዚሁ አስተምራለሁ። የምጽፍልዎ ያለ ወላጅ አውሮፕላን ስለሚሳፈሩ ልጆች ነው።

ድሮ ልጅ የሚላከው በአውቶቡስ ነበር። እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ ብቻዬን አዲስ አበባ ሄጃለሁ። ብቻዬን ስል ግን፣ ረዳቱ የሰፈራችን ልጅ ነበር። አባቴን ያውቀዋል፤ ቤታችንን ያውቃል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛልኝ። ጣርማበር ስንደርስ ብርድ ነው ብሎ ጋቢውን ደረበልኝ። አዲስ አበባ ገብተን አጎቴ እስኪመጣ ድረስ ከአጠገቤ አልተንቀሳቀሰም። አባቴ «አደራ» ያለው ለዚያ ሰው ነበር። አደራው ቢጎድል ረዳቱ ማታ ተመልሶ የሚገባው እኛው ሰፈር ነው።

አሁን ያ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ አያስተማምንም። የቻለ ሁሉ ልጁን በአውሮፕላን ይልካል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን የማደርገው እሱን ነው። አንድ ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ልጁ ምሳውን ሳይርበው ይደርሳል። ችግሩ የአውቶቡሱን ልማድ ይዘን አውሮፕላን ማረፊያ መግባታችን ነው። የሚያውቀን ረዳት ሳይኖር «አደራ» እንላለን።

ባለፈው ሐምሌ የሆነውን ልንገርዎ። እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። የ9 ዓመት ልጇን ወደ እኛ ልትልክ ፈለገች። የሥራ ባልደረባዋ የምታውቃት፣ ለለቅሶ ወደ ደሴ የምትሄድ ሴት ተገኘች። ቲኬቱ አብሮ ተቆረጠ። ወረቀቱ ላይ ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም፤ አዋቂ አብሯት አለ። ስለዚህ የጠየቀም የለም፣ ሊጠይቅ የሚገባውም የለም። እህቴ ቦሌ በር ላይ ልጇን ሳመች። ለሴትየዋ «እስከ ኮምቦልቻ አደራ» አለቻት። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የደሴ ተጓዥ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነውና፣ እኔ እዚያ ሆኜ እጠብቃለሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ኮምቦልቻም ደመናው ዝቅ ብሏል። አውሮፕላኑ መጣ፤ ድምፁን ሰማነው። ማረፍ ግን አልቻለም። ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህ በክረምት የሚያጋጥም ነገር ነው። አብራሪው መመለሱ ትክክል ነው፤ ለዚያ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ሴትየዋ ቀብሩ ሊያመልጣት ነው። በረራው ለነገ ተባለ። ዘመዶቿ መኪና ይዘው ሊወስዷት መጡ። ልጅቷን እዚያው ቦሌ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና «እናትሽ ትመጣለች፣ እዚህ ቁጪ» ብላ ሄደች። እህቴ ስብሰባ ላይ ነበረች። ስልኳ ድምፅ የለውም። እኔ የሴትየዋን ቁጥር ብደውል ዝግ ነው። ከአጠገቤ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ መኪናቸው ሲገቡ አየሁ። «ልጅቷ የት ናት?» ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ያገኘቻት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንዴ ስታልፍ አየቻት። ሁለተኛ ስትመለስም እዚያው ናት። «እናትሽ የታለች?» አለቻት። ልጅቷ የእናቷን ስልክ በቃሏ አታውቀውም። የዛሬ ልጅ ቁጥር አይዝም፤ ሁሉም ሞባይል ውስጥ ነው። ግን ለአያቷ ልታሳይ የያዘችው የውጤት ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ካርዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስልክ ታትሟል። ሠራተኛዋ በራሷ የስልክ ሂሳብ ደወለች። ትምህርት ቤቱ እህቴን አገኛት። እህቴ እያለቀሰች ስትደውልልኝ «አብሽሪ» አልኳት፤ የራሴ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማንም አልነካትም። ተመስገን። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ስሟን እንኳ አላወቅንም። በየቀኑ እናስባታለን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ወላጆች የሚፈሩት አውሮፕላኑ እንዳይወድቅ ነው። የልጁ አደጋ ግን ያለው መሬት ላይ ነው። ርክክቡ ላይ ነው። ማን ለማን አስረከበ? ማን ፈረመ? ዕቅዱ ሲለወጥ ልጁ በማን እጅ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ የሚችል ሰው ከሌለ፣ ልጁ ሰው መሀል ሆኖም ብቻውን ነው።

አየር መንገዶች ለዚህ የተዘጋጀ አገልግሎት አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይሰጣል። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይቀበሉም። ከ5 እስከ 12 ዓመት ያለው በዚህ አገልግሎት ይሄዳል። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። የላኪውና የተቀባዩ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቅጽ ላይ ይሞላል። የልጁ ወረቀት አንገቱ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይደረጋል። መሬት ላይ ያለው ሠራተኛ ለበረራ አስተናጋጇ ያስረክባል። እሷ ደግሞ ሲደርሱ ለሚጠብቀው ሠራተኛ ታስረክባለች። መጨረሻ ላይ መታወቂያውን አሳይቶ የሚፈርመው ቅጹ ላይ ስሙ ያለ ሰው ብቻ ነው። አክስት ነኝ ማለት አይበቃም። የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ ብትሄድ ኖሮ፣ አውሮፕላኑ ሲመለስ እሷም ወደ ሠራተኛ እጅ ትመለስ ነበር። ለእህቴም ለእኔም ይደወል ነበር።

እኛ ግን አገልግሎቱን አንጠይቅም። አንዳንዱ መኖሩን አያውቅም። አንዳንዱ «ሰው ሞልቶ ለምን እንግዳ ነገር እንፈልጋለን» ይላል። ያገር ሰው አይጨክንም ብለን እናምናለን። ወሎ ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የሰው ልጅ የራሱ ልጅ ነው። ይህንን እምነት ማጣት አልፈልግም። ያቺ የለቅሶ ሴት ክፉ አልነበረችም። ግን ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ልብ ሁለት ቦታ አይሆንም። አደራ የሚሰጠው ሌላ ጉዳይ ለሌለው ሰው ነው።

ደግሞ ቅጽ ሞላሁ ብሎ መተኛትም አይቻልም። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2008 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ የ5 ዓመት ልጅ ቦስተን ወርዷል። እናቱ ኒው ዮርክ ላይ ስትጠብቅ ሌላ ልጅ አምጥተው አስረከቧት፤ ልጁ የያዘው ግን የእሷን ልጅ ፓስፖርት ነበር። እስቲ ያቺን ደቂቃ አስቡት። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ከፊላደልፊያ ወደ ፎርት ማየርስ አያቱ ጋር የሚሄድ የ6 ዓመት ልጅ ኦርላንዶ በሚሄድ አውሮፕላን ተጫነ። አያቱ ኤርፖርት ቆማ ነው ልጁ እንደሌለ የሰማችው። ሁለቱም ልጆች በሰላም ተገኝተዋል። ሁለቱም ግን በአገልግሎቱ የተመዘገቡ ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ ትልቅ አየር መንገድማ በፈረንጆቹ 2016 አገልግሎቱን ጭራሽ አቁሟል።

ስለዚህ ላኪው አውሮፕላኑ ሳይነሳ ከኤርፖርት አይሂድ። ተነስቶም ስልኩን አይዝጋ። እህቴ ያን ቀን አውሮፕላኑ ማረፉን እስክትሰማ ብትቆይ ኖሮ ብዬ ስንቴ አስቤያለሁ። በረራው ቀጥታ ይሁን። የቀኑ የመጨረሻ በረራም አይሁን፤ ቢሰረዝ ልጁ ከቤቱ ውጭ ያድራል። ልጁ የሁለት ሰው ስልክ በቃሉ ይያዝ። እኔ የክፍሌን ልጆች አሁን በየሰኞው ቁጥር አስጠናለሁ። እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይሉታል።

አንድ ለማንሳት የሚከብድ ነገር አለ፤ ግን ላነሳው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ልጅን የሚነካ ሰው አለ። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በበረራ ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ሪፖርት በፈረንጆቹ 2014 ከነበረበት 38፣ በ2017 ወደ 63 እንደደረሰ ተናግሯል። ከተጠቂዎቹ መሀል ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆችም አሉ። ቢሮው ለወላጆች የመከረው ልጁ የመተላለፊያው ዳር ወንበር እንዲያዝለት ነው፤ አስተናጋጆች በቀላሉ ያዩታል። እኛ ደግሞ ልጃችን ሰማይ እንዲያይ ብለን መስኮት ዳር እንለምናለን። ከወንበሩ በላይ አስተናጋጅ የሚጠራ ቁልፍ አለ፤ ልጁ ሳይፈራ እንዲጫነው ንገሩት። «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል» ብለን ያሳደግነው ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲያስቸግረው መጮህ እንደሚችል ከእኛ አፍ መስማት አለበት። አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ።

ኮምቦልቻ ላይም ጉዳዩ አያልቅም። ከዚያ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። የሐረጎ ዳገት አለ፣ ጉም አለ። አያት ይደክማቸውና «የማውቀው ባለመኪና ይቀበለው» ይላሉ። ባለመኪናው ደግሞ ሥራ ይበዛበትና ጓደኛውን ይልካል። ልጁ «አያትህ ልከውኝ ነው» ባለው ሰው መኪና ይገባል። ላሊበላም ቢሆን ማረፊያው ከከተማው ርቆ ነው። እኛ ቤት አሁን የሚስጥር ቃል አለን። ቃሉን ያላወቀ ሰው፣ አጎት ነኝ ቢልም፣ ልጅቷ አትከተለውም።

ከኤርፖርቶቻችን የምለምነው ብዙ አይደለም። ልጅ የሚቀበል አንድ ሰው መታወቂያ አሳይቶ ወደ ውስጥ ይግባ። አውሮፕላን ሲመለስ ውጭ ለቆምነው ሰው ወጥቶ ይንገረን። ቲኬት የሚቆርጡትም ልጅ ሲያዩ «የእናቷ ስልክ ስንት ነው? እዚያ የሚቀበላትስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አዋቂ አብሯት ቢኖርም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትናንሾቹ ነው። 12 ዓመት ያለፈው ግን ወላጅ ካልጠየቀለት በቀር በብዙ አየር መንገድ እንደ አዋቂ ይሄዳል። በእኛ አገር ብቻቸውን ከሚበሩ ልጆች ከባዱን መንገድ የሚሄዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከራሷ ከደሴ ስንት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደበረረች የወሎ ሰው አስረጂ አያስፈልገውም። አዋጅ 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት ይላል። ሕጉ አለ። ነገር ግን ዕድሜ የሚሠራው ወረቀት ላይ ነው።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪዬ ልትሰናበተኝ መጣች። ስመዘግባት 15 ዓመቷ ነበር። ፓስፖርቷ 22 ይላል። ሐሙስ ነው የምበረው አለችኝ። ቦሌ ድረስ ደላላው ይወስዳታል። እንዳትሄድ ለመንኳት፤ እናቷ ጋ ሄጄም ለመንኳት። ብድሩ ተበልቷል፣ ቀኑ ተቆርጧል። የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ እኔ እየጠበቅኳት፣ እናቷ በአንድ ስልክ ርቀት ላይ ሆና ሁለት ሰዓት ጠፍታብናለች። ይህችኛዋ ቋንቋውን የማታውቀው አገር ነው የምትወርደው። አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል ወረቀት የለም። የሚፈርምላት የለም።

«እዚያ ስትደርሺ ማን ነው የሚቀበልሽ?» አልኳት።

«ፎቶዬን ያየ ሰው ነው አሉኝ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ደሴ፣ ሆጤ