«ሹመት ያዳብር» ካልን በኋላስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጥቁር ሰው ትልቅ ቦታ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ዜናውን ታወጣላችሁ። የእኛ ልጅ ከሆነማ ፎቶው ገጹን ይሞላዋል። ከሥሩ «እንኳን ደስ አለሽ»፣ «ኮራንብሽ»፣ «ሹመት ያዳብር» ይዘንባል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔም አብሬ እጽፋለሁ። ቅር የሚለኝ ወሬው እዚያው ላይ መቋረጡ ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ምን እንደገጠማት የሚጠይቅ የለም። ዓመት ከምናምን ቆይቶ «ለቀቀች» ሲባል እንሰማና «ምነው?» ብለን እናልፋለን።

በሙያዬ ነርስ ነኝ። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ስለ ባንክና ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚያውቅ ይጻፍ፤ እኔ ስለ ሆስፒታል ልጻፍ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዩኒታችን ማናጀር ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ሺፍት ስንቀያየር የአንዲት ታካሚ ልጅ ተቆጥቶ መጣ። እናቱ የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ አልተሰጣቸውም። ቅሬታው ትክክል ነበር። ማናጀሯ ወጥታ ስሟንና ኃላፊነቷን ነገረችው። ባጇ ደረቷ ላይ ነው፤ «ነርስ ማናጀር» ይላል። ሰውየው እስክትጨርስ ጠበቀና «እሺ፣ አሁን ኃላፊውን ጥሪልኝ» አላት። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ» አለችው። እሱ ግን በትከሻዋ አሻግሮ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችውን ነጭ ልጅ አያት። ልጅቷ ከተመረቀች ገና ወራት ናቸው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእሷ ይነግራት ጀመር። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ዓይኗን የት እንደምታሳርፈው ጠፋት።

ማናጀሯ ድምጿን አልጨመረችም። መጨመርም አትችልም። ነጭ ማናጀር ቢቆጣ «ቆራጥ ሰው ነው» ይባላል። እሷ ብትቆጣ «ቁጡዋ ጥቁር ሴት» የሚለው ስም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። መድኃኒቱን አሰጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ጉዳዩ ተዘጋ። የተጣሰ ደንብ የለም፤ የሚከሰስ ሰውም የለም። እንዲህ ያለው ነገር ስንቴ እንደሚደጋገም ግን አብሯት የሚሠራ ሰው ያውቃል።

ይሁን፣ ይህ የውጭ ሰው ነው። ሰው የሚሰበረው ከውስጥ በሚመጣው ነው።

ያኔ የነበረው ዳይሬክተር መልካም ሰው ነበር። «በሬ ለሁሉም ክፍት ነው» ይል ነበር፤ እውነቱንም ነው። ችግሩ የመጣው በዚያው በር ነው። ስኬጁል ያልተመቸው፣ ፈቃድ የተከለከለ፣ «አርፍደሃል» የተባለ ሁሉ እሷን ዘሎ እሱ ዘንድ ይገባል። በሩን ይዘጋል፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ «ግድ የለም፣ እኔ አነጋግራታለሁ» ይላል። በማግስቱ ስኬጁሉ ተቀይሮ ይወጣል። ጎን ያለውን ዩኒት የሚመራው ነጭ ነው። በእሱ ላይ ቅሬታ ይዞ የሄደ ግን «መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» ተብሎ ይመለሳል። ዳይሬክተሩን «ዘረኛ ነህ» ቢሉት ይደነግጥ ነበር። ምናልባት ያለቅስም ነበር። ነገር ግን በእሱ ደግነት የአንዲት ሴት ሥልጣን በስም ብቻ ቀረ። የማትወስነውን ነገር ኃላፊነት ትሸከማለች። ነገር ሲበላሽ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ተቀየረ፤ በቦታው አንዲት ሴትዮ መጣች። እሷም ነጭ ናት። ገና ቢሮዋን ሳታደላድል አንዷ የተለመደውን ቅሬታ ይዛ ገባች። «ለማናጀርሽ ነግረሻታል?» አለቻት። አልነገረቻትም። «እንግዲያው ሂጂና ንገሪያት። ካልተስማማችሁ ሦስታችንም እንቀመጣለን።» በኢሜይል የመጣውንም ማናጀሯን ሲሲ አድርጋ አንድ መስመር ትመልሳለች። ለሠራተኛው ሁሉ በተጠራ ስብሰባ ላይም «የዚህ ዩኒት ስኬጁል የእሷ ውሳኔ ነው» ብላ ተናገረች። ምልልሱ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ሥልጠና አልተሰጠም፣ አማካሪ አልተቀጠረም፣ አምስት ሳንቲም አልወጣም።

ድጋፍ ሲባል እኔ የማውቀው ይህንን ነው። በፊት ለፊት የሰጡትን ሥልጣን በጓሮ በር አለመንጠቅ። መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት ግን ሌላ ነው። ፌብሩዋሪ ሲገባ የጥቁሮች ታሪክ ወር ተብሎ ምሳ ይበላል፣ ኬክ ይቆረጣል። «ጫናን የመቋቋም ሥልጠና» ይዘጋጅላታል፤ ጫናውን የሚፈጥሩት ሰዎች አይጠሩም። በዚያ ላይ ጥቁር ስለሆነች የብዝኃነት ኮሚቴው ሰብሳቢ ትደረጋለች። በነጻ። ሌሎቹ ማናጀሮች በዚያ ሰዓት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እሷ ሥራዋን ማታ ቤቷ ትጨርሳለች።

አሁን ስለ ራሳችን። ዳይሬክተሩ ቢሮ ይመላለሱ ከነበሩት ውስጥ ሐበሾች ነበሩበት። ጥቂት አይደሉም። ምሳ ክፍል ውስጥ በአማርኛ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። «ፈረንጅ አለቃ ይሻላል፣ ቢያንስ ሕግ ያውቃል።» «ከእነዚህ ጋር መሥራት መከራ ነው።» «እነዚህ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ይገባችኋል። እሷ አጠገባችን ቆማ ቡና እየቀዳች ነው፤ ቋንቋው አይገባትም፤ ድምፁ ግን ይገባታል። አለቃዋ ሐበሻ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «የአገሬ ልጅ ሆና እንዴት ኦቨርታይም ትከለክለኛለች?» ይመጣል። ፈረንጁን አለቃ የማንጠይቀውን ውለታ ከእሷ እንጠብቃለን። ካልሆነልን በአክሰንቷ እንስቃለን፤ ያውም የእኛው አክሰንት ነው!

ጥቁር አለቃ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። ክፉ ጥቁር አለቃም አይቻለሁ፤ ሰው ሲያስለቅስ። እሱን በደንቡ መክሰስ ነው። የምለው መንገዱ ለሁሉም አንድ ይሁን ነው።

«ዘረኝነቱ ሥርዓት ነው» ሲባል ብዙ ሰው የፖለቲካ ንግግር ይመስለዋል። የዶክተር ቻርልስ ድሩን ታሪክ ላንሳ። የተወለዱት እዚሁ ዋሽንግተን ነው። በደም ፕላዝማ አጠባበቅ በዘመናቸው የታወቁ ሐኪም ነበሩ። በ1940 ለብሪታንያ ፕላዝማ የማሰባሰቡን ሥራ መሩ። በ1941 የአሜሪካ ቀይ መስቀል የደም ባንክ ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያው ዓመት ቀይ መስቀል ለጦሩ ደም ሲሰበስብ ከጥቁር ሰው አይቀበልም ነበር። በ1942 መጀመሪያ «እሺ፣ እንቀበላለን» አለ፤ ግን ከነጩ ደም ተለይቶ ሊቀመጥ። መለየቱ የቀረው በ1950 ነው፤ ዶክተር ድሩ በመኪና አደጋ በሞቱበት ዓመት። እስቲ አስቡት። ደሙን እንዴት እንደሚያቆዩት ያስተማሯቸው ሰው የራሳቸው ደም አይነካም። ይህንን አንድ ክፉ ሰው ተነስቶ አልሠራውም። ደንብ ነበር፤ ቅጽ ነበረው፤ ቅን ሰዎች እየፈረሙ ያስፈጽሙት ነበር።

ያ ድሮ ነው የሚል ካለ ወደ እስራኤል ይሂድ። በ1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ታወቀ፤ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኸ። በ2013 ደግሞ የደም መሰብሰቢያ ቡድን ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ድረስ መጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱት የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ ሊለግሱ ተሰልፈው ተከለከሉ። ምክንያቱ የትውልድ ቦታቸው ነበር። የምክር ቤት ወንበር ሰጥተዋቸዋል፤ ደማቸውን ግን «አንፈልግም» አሉ። በ2020 ሚኒስትር ሆኑ፤ ያን ጊዜም «ሹመት ያዳብር» ብለናል።

ወደ ሥራ ቦታ ልመለስና፣ ከሁሉ በፊት ሊኖር የሚገባው የታካሚን ጥያቄ የሚመለከት ደንብ ነው። «ጥቁር ነርስ እንዳትነካኝ» የሚል ታካሚ አለ። ዛሬም አለ። ኢንዲያና ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተቀብሎ በየዕለቱ የሥራ ድልድል ወረቀት ላይ ይጽፈው ነበር። ጥቁሯ የነርስ ረዳት ከሰሰች። በ2010 ቺካጎ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የታካሚ ምርጫ ለዘር ልዩነት ምክንያት ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደላት። ፍርዱ ይኸው። ግን «አይሆንም» የሚለውን ቃል ማን ይናገረው? ብዙ ቦታ ላይ ለጥቁሯ ማናጀር ይተዋል። ተሰዳቢዋም እሷ፣ አስታራቂዋም እሷ። መሆን ያለበት ከላይ ያለው ሰው ራሱ መጥቶ «እዚህ ቤት እንዲህ አይሠራም» ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቆጠራ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት ከ2015 ጀምሮ በሥሩ ያሉትን ሆስፒታሎች ያስቆጥራል። ለቃለ መጠይቅ ከቀረቡት ውስጥ ነጩና ነጭ ያልሆነው ምን ያህል ይቀጠራሉ? ዲሲፕሊን ላይ የሚቀርበው ማነው? ቦርዱ ሠራተኛውን ይመስላል ወይ? ውጤቱ በይፋ ይወጣል። ችግሩ በዚህ ተፈታ አልልም፤ አልተፈታም። ግን «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለት አይቻልም።

ሌላም አለ፤ የተሰጠው ቦታ ራሱ። አሊሰን ኩክ እና ክሪስቲ ግላስ የሚባሉ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የትልልቅ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆችን አጥንተው ነበር። ሴቶችና ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ከነጭ ወንዶች ይልቅ የሚሾሙት ኩባንያው ሲዳከም ሆኖ አገኙት። ሆስፒታል ውስጥም ያው ነው። ነርስ የጎደለው፣ ቅሬታ የበዛበት፣ ማንም የማይፈልገው ዩኒት ሲኖር «አንቺ ትችያለሽ» ይባላል። ሠራተኛ ይጨመርላት ወይ ሲባል በጀት የለም። ሲፈርስ «ሞክረን ነበር፣ አልቻለችም»።

የቅርብ ጊዜ ወሬም ግራ እያጋባ ነው። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የብዝኃነት ፕሮግራሞችን ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አስወጡ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ያወጡትን፣ የመንግሥት ተቋራጮች በዘር እንዳያዳሉ የሚከለክለውን ትዕዛዝ 11246ንም ሻሩ። ብዙ የግል ድርጅቶችም ቢሮዎቻቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ «አሁንማ መክሰስም ቀርቷል» የሚል ሐበሻ በየቡናው አገኛለሁ። አልቀረም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምክር ቤት ያወጣው ነው፤ በፕሬዚዳንት ፊርማ አይሻርም። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ሁሉ ይገዛበታል። ለማናጀርም ለጽዳት ሠራተኛም እኩል ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው። ጊዜው 180 ቀን ነው፤ የራሳቸው ሕግና ተቋም ባላቸው እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ ስቴቶች 300 ቀን ይሆናል። የፌዴራል ሠራተኛ ግን በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን አማካሪ ማነጋገር አለበት። ይህችን 45 ቀን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። «እስቲ ይሻሻል እንደሆነ» እያሉ ሲጠብቁ ታልፋለች። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሰማ በቤት ደብተር ላይ መጻፍ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ ተሿሚ ስትጽፉ፣ ከእንኳን ደስ አለዎት ቀጥሎ ጥቂት ጥያቄ ጨምሩልን። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት ትችላለች ወይ? በጀቱን የሚፈርመው ማነው? ሠራተኛው ዘሏት ሲሄድ የበላይዋ ምን ይላሉ? መልስ ካልሰጧችሁም «አልመለሱልንም» ብላችሁ ጻፉት። ከዓመት በኋላም ደውሉላት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ