ለእማዬ፣ ስለ ማድቤቱ ጥቀርሻ

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የሚያነብልሽ የእህቴ ልጅ ነውና አደራ፣ እየዘለለ እንዳያነብ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን «ብር ይቆጥርብሻል» እያልሽ ታስቸኩይኛለሽ።

ባለፈው ሐምሌ ልጄን ይዤ ባንደሊየር ወደሚባል ቦታ ሄጄ ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ የሚባል ግዛት ውስጥ ነው። ከእኛ ከተማ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ በመኪና ከስድስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ በዚህ ወቅት መኪናሽን ዋይት ሮክ የምትባል ትንሽ ከተማ አቁመሽ በአውቶቡስ ነው የምትገቢው። ባንደሊየር የአንድ ፈረንጅ ስም ነው። በፈረንጅ 1880 ሰውየውን ወደ ሸለቆው ይዘውት የወረዱት የኮቺቲ ሰዎች ናቸው፤ የአገሩ ተወላጆች። መንገዱን ያሳዩት እነሱ፣ ስሙ የእሱ። ያው እንደምታውቂው ነው።

ሸለቆው ራሱ ፍሪሆሌስ ይባላል። በስፓኒሽ አደንጓሬ ማለት ነው። በአንድ በኩል ገደል ቆሟል፣ ከስሩ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። ገደሉን ብታዪው ዓይኑ የበዛ እንጀራ ነው የሚመስለው። ከሚሊዮን ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ አመዱ ተቆልሎ ድንጋይ ሆነ ይላሉ። ለስላሳ ስለሆነ ሰዎቹ በድንጋይ መሣሪያ እየፈለፈሉ ክፍል አወጡለት። ብረት አልነበራቸውም። በፈረንጅ ዘመን ከ1150 እስከ 1550 ድረስ እዚህ ኖረዋል። በእኛ ልቁጠርልሽ፦ ቅዱስ ላሊበላ ሲነግሥ እነሱ እዚህ ነበሩ፤ ለቀው ሲወጡ ደግሞ ዘመኑ የአፄ ገላውዴዎስ ነው። በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ ይዘሩ ነበር። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮም ያረቡ ነበር፤ ላባውን ከቃጫ ጋር እየገመዱ ብርድ ልብስ ይሠሩበታል።

ከገደሉ ስር ሜዳው ላይ ቹኦንዪ የሚሉት ክብ መንደር አለ። 400 ያህል ክፍል ነበረው፣ አሁን የቀረው የግድግዳው እግር ብቻ ነው። እኔ ግን ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ ዋሻዎቹ ነው።

አንዱ ውስጥ በአጭር መሰላል ገባን። ከወገብ በታች ግድግዳውን በጭቃ መርገውታል። ቀና ስል ጣሪያው ጥቁር ነው። ጥቀርሻ! ልክ እንደ ማድቤታችን፣ የሚያብለጨልጨው ዓይነት። ሳላስበው እጄን ሰደድኩ፤ ልጄ «አይነካም!» ብሎ ያዘኝ። ከዚያ መግለጫውን አነበበልኝ። ጭሱ ጣሪያውን ያጠነክረዋል፣ ድንጋዩ ዱቄት እየሆነ እንዳይረግፍባቸው። ሰዎቹ ጣሪያውን ያጠቆሩት አውቀው ነው እንጂ ማጽዳት አቅቷቸው አይደለም።

እማዬ፣ እዚያው ቁጭ አልኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ስመጣ ያደረግሁትን አልረሳሽውም። ሁለት የቀን ሠራተኛ ጠርቼ የማድቤቱን ወራጆች አስፋቅሁ፣ ኖራ አስቀባሁ። ሳንባሽን አሰብኩ ብዬ ነበር። ትንሽም አፍሬ ነበር መሰለኝ፤ አብራኝ የመጣች እንግዳ ነበረች። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ «ተዪው ልጄ፣ እንጨቱን የያዘው እሱ ነው» አልሽኝ። «እማዬ ደግሞ!» ብዬ ሳቅሁብሽ። ዓመት ሳይሞላው ነቀዝ ገባበት፣ ዱቄቱ ሊጡ ላይ መርገፍ ጀመረ። ያንንም የሰማሁት ከወንድሜ ነው። አንቺ አንድም ቀን አልወቀስሽኝም። ከአንቺ አፍ አልሰማ ብዬ ከሰሌዳ ላይ ሰማሁት። ይቅር በይኝ።

ከዚያ በኋላ ልጄ አልኮቭ ሃውስ ካልወጣን አለ። ከሸለቆው ወለል 43 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ትልቅ ዋሻ ነው። አራት የእንጨት መሰላል አለው፣ በመሀሉ የድንጋይ ደረጃ። አባዬ ነፍሱን ይማረውና ደብረ ዳሞን በገመድ ወጣሁ እያለ ስንት ጊዜ አውርቶልናል! እዚያ ሴት አይወጣም። እዚህ የሚከለክልሽ ፍርሃት ብቻ ነው። ሦስተኛው መሰላል ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ መመለሻ የለም። ልጄ ከላይ ሆኖ «ማሚ ወደ ታች አትዪ» ይለኛል፤ እሱ ይህን ሲለኝ ወደ ታች አየሁ። እንደምንም ወጣሁ። እዚያ ላይ 25 ያህል ሰው ይኖር ነበር ይባላል። አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ውኃውን ማን ያወጣላቸው ነበር?» ብለሽ ነው። እኔም እሱኑ አሰብኩ።

ስንወርድ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያም በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ፤ አፈሩ ሲርስ ሽታው ያው የእኛው ክረምት ነው። አውቶቡሱን ስንጠብቅ ልጄ «ሰዎቹ የት ጠፉ?» አለኝ። አልጠፉም። ወደ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ወርደው ሰፈሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ኮቺቲና ሳን ኢልደፎንሶ በሚባሉ መንደሮች ይኖራሉ፣ ከእዚያ ሩቅ አይደለም። ሸለቆውንም የአባቶቻችን ቤት ነው ይላሉ።

ቪዛው ከተሳካ እወስድሻለሁ። መሰላሉን ተዪው፤ እስከ ክቡ መንደር ያለው መንገድ ለጥ ያለ ነው፣ በዊልቸርም ይኬዳል። ጥቀርሻውን ከታች ሆነሽ ታዪዋለሽ።

እስከዚያው ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ የተበሉትን ወራጆች ይቀይርልሻል። ለፋሲካ ደግሞ ኖራ ይዞ ከመጣ በሩን ዝጊበት። ይጥቆር።

ልጅሽ