ዋንጫው ቢቀርም ምስጋናው አይቀርም፦ ለኤድመንተን ኦይለርስ

ይድረስ ለካናዳው የበረዶ ሆኪ ቡድን ለኤድመንተን ኦይለርስ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ለምትሠሩ ሁሉ፣ ዘንድሮ አብራችሁኝ ጮኻችሁ ድምፃችሁ ለተዘጋ ደጋፊዎችም ጭምር።

ሰኞ ጁን 24 ቀን 2024 ማታ ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ገና ብርሃን ነበር። በጁን የኤድመንተን ፀሐይ ማታ አራት ሰዓት ካልሆነ አትጠልቅም። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኛል። ያን ዕለት ግን ምነው በጨለመ አልኩ። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ዋንጫ በስታንሊ ካፕ ፍጻሜ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን በሚወስድበት፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ፣ በፍሎሪዳ ፓንተርስ 2 ለ 1 ተሸንፈናል። ብርቱካናማ ማልያ የለበሰ ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ይሄዳል። ከፊታችን አንድ ሕፃን አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ "ነገስ ጨዋታ አለ?" ሲል ሰማሁት። አባትየው ትንሽ ዝም አለና "በኦክቶበር" አለው።

ልጁ አልገባውም። እኔም ብሆን ነገሩን ለመዋጥ ጥቂት ቀን ፈጅቶብኛል። ዛሬ ረጋ ብዬ ነው የምጽፈው።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስላቸው ጓደኞቼ "ለተሸነፈ ቡድን ደግሞ ምን ምስጋና አለው?" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ኖቬምበር ላይ የት ነበሩ?

ኖቬምበርን የረሳ ካለ ላስታውሰው። የውድድር ዓመቱን የጀመርነው ኦክቶበር 11 ቀን 2023 በቫንኩቨር 8 ለ 1 ተቀጥቅጠን ነው። ሆኪ ጎል የሚበዛበት ጨዋታ ነው፤ ቢሆንም ስምንት ስምንት ነው። ከዚያ በኋላም አልተሻለንም። መሀል ላይ አንድ ጥሩ ቀን ነበረች። ኦክቶበር 29 ኮመንዌልዝ ስታዲየም ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው ሜዳ፣ ከ55 ሺህ በላይ ሰው እያየ ካልጋሪን 5 ለ 2 አሸነፍን። "በቃ አሁን ተነሱ" ብዬ ነበር። ምን ይነሳሉ! ኖቬምበር 9 ከሊጉ ግርጌ በነበረው ሳን ሆዜ ሳይቀር ተሸነፍን። 12 ጨዋታ ተጫውተን ያሸነፍነው 2 ብቻ። ዋንጫ ያነሳል የተባለ ቡድን!

አሠልጣኝ ጄይ ውድክሮፍት የተሰናበተው ያኔ ነው። የሚገርመው ሲያትልን 4 ለ 1 ባሸነፈ ማግስት መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእሱ ይሁን፤ ምክንያቱም ማንም አላመሰገነውም። በ2022 መጥቶ በዚያው ዓመት ቡድኑን እስከ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ አድርሶት ነበር። እኔም በዚያ ሰሞን "ይሂድልን" ካሉት አንዱ ነኝ። አሁን ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል።

በቦታው ክሪስ ኖብሎክ መጣ። እውነቱን ልናገር? ስሙን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አምበላችንን ኮነር ማክዴቪድን ገና ታዳጊ ሳለ ኢሪ ኦተርስ የሚባል ቡድን ውስጥ አሠልጥኖታል። ሰውየው ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ጎል ሲገባም ጎል ሲገባበትም ያው ነው። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን እኔን ራሴን ያረጋጋኝ ጀመር። አብሮት ደግሞ በሰማንያዎቹ ለኤድመንተን ተጫውቶ ሦስት ዋንጫ ያነሳው ፖል ኮፊ ለተከላካዮቹ አሠልጣኝ ሆኖ መጣ።

ከዚያ ታኅሣሥ ገባ። ከዲሴምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 27 ድረስ 16 ጨዋታ በተከታታይ! አንድ ብንጨምር በ1993 ፒትስበርግ ያስመዘገበውን የ17 ጨዋታ ሪከርድ እኩል እንሆን ነበር። ላስ ቬጋስ ላይ ቆመ። አሁንም ያንገበግበኛል። ግን ከዚያ ኖቬምበር የወጣ ቡድን 16 ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ ማየት... ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላመስግን። ስሙን አልጠራም፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሆኪን ያስተማረኝ እሱ ነው። እግር ኳስ የለመደ ዓይን ሆኪ ሲያይ መጀመሪያ ይደናገራል። ፓኳ፣ ያቺ በዱላ የሚመቷት ክብ ነገር፣ የት እንዳለች አይታይም። በጣም ትፈጥናለች። እንዳትነጥር ሲባልም ከጨዋታ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ጠንካራ ጎማ ናት። ይኸው ሰው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሶፍት ዘርግቶ በእስክሪብቶ ሜዳውን ሳለልኝ። ሰማያዊዋን መስመር አሰመረና "ፓኳን አትከተላት፣ ትከሻቸውን እይ" አለኝ። ትከሻቸው ወዴት እንደዞረ ካየህ ፓኳ የምትሄድበትን ታውቃለህ። በዚያው ሳምንት ዓይኔ ተገለጠ። ተጫዋቾቹ ለምን በየአርባ ምናምን ሰከንዱ ዘለው እንደሚወጡና ሌሎቹ እንደሚገቡም ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በላይ በሙሉ ጉልበት መሮጥ አይቻልም። ጨዋታው ሳይቆም ነው ሰው የሚቀየረው።

ሶፍቷን እስካሁን አልጣልኳትም።

ፕሌይኦፉን፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለውን ጥሎ ማለፍ፣ ሁሉ ብተርክ አይመሽልኝም አይነጋልኝም። ሎስ አንጀለስን በአምስት ጨዋታ ሸኘን። ቫንኩቨር ሰባት ፈጀ። እዚያ ላይ ስቱዋርት ስኪነር የሚባለው በረኛችን፣ የኤድመንተን ተወላጅ፣ ሁለት ጨዋታ ተቀምጦ ካልቪን ፒካርድ ገባ። በገዛ ከተማህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ፒካርድ አንዱን አሸንፎ አንዱን ተሸነፈ፤ ለእሱም ምስጋና ይድረሰው። ስኪነር ግን ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው። ከዳላስ ጋር በነበረው ስድስተኛ ጨዋታ እነሱ 35 ጊዜ ወደ ጎል ሲመቱ እኛ የመታነው 10 ብቻ ነው። አንዷ ብቻ ገባችበት። 2 ለ 1 አሸንፈን ለፍጻሜ አለፍን። ስኪነር፣ ዕድሜ ይስጥህ ወንድሜ።

ከዳላሱ የመጀመሪያ ጨዋታ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ተጨማሪ ሰዓት ገና እንደተጀመረ አምበላችን ማክዴቪድ በስቲኩ፣ በመጫወቻ ዱላው፣ የሰው ፊት መትቶ አራት ደቂቃ ተቀጣ። አራት ደቂቃ ያለ እሱ፣ በአራት ሰው አምስት ሰው መከላከል! በተጨማሪ ሰዓት ደግሞ አንድ ጎል ከገባ በቃ፣ አለቀ። ካሜራው የቅጣቱን ሳጥን ያሳያል። እሱ እዚያ ተቀምጧል። ጓደኞቹ ይወድቃሉ፣ ፓኳን በአካላቸው ይመክታሉ፣ ተነስተው ያባርራሉ። እኔ ሶፋው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነበርኩ፤ መቼ እንደወረድኩ አላውቅም። አራቱ ደቂቃ አለፈ። ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት እንደተጀመረ ማክዴቪድ ራሱ አስቆጠረና ጨረሰው።

ሰው የሚያስታውሰው ጎሉን ነው። እኔ የማመሰግነው እነዚያን አራት ደቂቃዎች ነው። ማቲያስ ያንማርክን፣ ኮነር ብራውንን፣ ስማቸው በማልያ ሱቅ ብዙም የማይፈለገውን ሁሉ።

ፍጻሜው ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፍን። በስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ከ3 ለ 0 ተነስቶ ዋንጫ ያነሳ አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ቶሮንቶ፣ ያውም በ1942። ወሬው ሁሉ "አለቀላቸው" ነበር። እኔም ማልያዬን አጥቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። አልዋሽም።

አራተኛውን ጨዋታ 8 ለ 1 አሸነፍን። ልብ አላችሁ? ዓመቱን የጀመርንበት ያ ውጤት ነው፤ አሁን ግን በእኛ በኩል። ከዚያ 5 ለ 3። ከዚያ 5 ለ 1። ማልያው ከቁም ሳጥን ወጣ። በኤድመንተንና በፍሎሪዳ መካከል ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ እነዚህ ልጆች እየተመላለሱ ነው ይህን ያደረጉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከ3 ለ 0 ተነስቶ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ የደረሰ የፍጻሜ ቡድን አልነበረም።

ሰባተኛውን ታውቁታላችሁ። እነሱ ቀደሙ፣ ያንማርክ ወዲያው አቻ አደረገን፣ ሳም ራይንሃርት ሁለተኛውን አገባብን። ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ እኛ ነን ያጠቃነው። አልገባ አለ። አንዳንዴ አልገባም ካለ አይገባም።

ማክዴቪድ በፕሌይኦፉ 34 ጎል አመቻችቶ ዌይን ግሬትስኪ በ1988 የያዘውን የ31 ሪከርድ ሰብሯል። ከተሸናፊው ወገን ሆኖ የፕሌይኦፉ ኮከብ ተባለ። ሽልማቱን ለመቀበል ግን ወደ በረዶው አልወጣም። ይህን እንደ ትዕቢት የቆጠሩ አሉ። ለእኔ ግን ሰውየው ሌላ ዋንጫ ነበር የፈለገው፤ ያ ዋንጫ በሌላ ሰው እጅ እያለ ወጥቶ ፈገግ ማለት አላስቻለውም። ደግ አደረገ።

ሁለት ሰዎች አንጀቴን በልተውታል። አንዱ ኮሪ ፔሪ ነው። ዳላስ በ2020፣ ሞንትሪያል በ2021፣ ታምፓ በ2022፣ አሁን ደግሞ ከእኛ ጋር፤ በአራት ቡድን አራት ፍጻሜ ተሸነፈ። በ2007 ከአናሃይም ጋር አንዴ ባያነሳ ኖሮ ምን ይባል ነበር! ሌላው ራያን ኑጀንት ሆፕኪንስ ነው። በ2011 ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን ሲመርጡ አንደኛ ተመርጦ መጣ። ቡድኑ ዓመት በመጣ ቁጥር ፕሌይኦፍ ሳይገባ ሲቀር፣ አሠልጣኝ ሲመጣና ሲሄድ፣ እሱ ግን እዚህ አለ። ኑጅ፣ እናመሰግናለን።

በረዶውን ለምትሠሩትም ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ጁን ላይ፣ ሰው ውጭ በቲሸርት እየሄደ፣ እናንተ በሜዳችን በሮጀርስ ፕሌስ ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ውፍረት ያላት በረዶ እንዳትቀልጥ ትጠብቃላችሁ። በየዕረፍቱ ማሽኑ ወጥቶ የተቧጨረውን ፍቆ ሙቅ ውኃ ሲያለብስ ማየት ለእኔ ግማሽ ጨዋታ ነው። ሙቅ ውኃ ነው፣ አዎ፤ ከበረዶው ጋር የተሻለ ይያያዛል።

ደጋፊዎች የሚሰበሰቡበት ከሮጀርስ ፕሌስ ውጭ ያለው ቦታ ሞስ ፒት ይባላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቡድኑን መልበሻ ክፍል ያገለገለውና በ2020 ያረፈው የጆይ ሞስ መታሰቢያ ነው። ዘንድሮ እዚያ ቆሜ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስንት ጊዜ እንደተቃቀፍኩ እንጃ። ለእናንተም፣ ስማችሁን ላልጠየቅኳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ያ ባልደረባዬ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ደህና አደርክ አላለኝም። ሶፍት ዘርግቶ ጎሉን ስሏል፤ ፓኳን ነጥብ አድርጎ ከፊቱ አስቀምጧታል። "እዚህ ጋ፣ መቺያችን ስቲኩን ትንሽ ብቻ ከፍ ቢያደርገው ኖሮ..." አለኝ። እኔ ደግሞ ከፍ ቢያደርገውም በረኛው ይይዛት ነበር ባይ ነኝ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤድመንተን ደጋፊ