የክርክር ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ በሀዋሳ የበረዶ ሆኪ ክርክር

አምና ክበባችን እግር ኳስ ላይ ያደረገውን ክርክር የተከታተለ ሰው፣ ነገሩ ከክርክርነት ወጥቶ የአርሰናልና የማንችስተር ደጋፊዎች ጩኸት እንደሆነ ያስታውሳል። ደጋፊ ማስረጃ አይፈልግም፤ ማልያው ይበቃዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ማንም ማልያውን ያልገዛው፣ አባትም ታላቅ ወንድምም የማይደግፉት ስፖርት ፈለግን፤ የበረዶ ሆኪን አገኘን።

ሀዋሳ ተቀምጦ ስለ በረዶ ሆኪ መከራከር መጀመሪያ ላይ መምህራኑንም አስቋል። ሐይቃችን በረዶ ሊሠራ ቀርቶ ጠዋት እንኳ እጅ አያቀዘቅዝም። ይሁን እንጂ የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ሆኪ ያን ያህል ባዕድ አይደለም፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ፣ ሁለት ቡድን አለ፣ ግፊያ አለ። በጥንጉ ፋንታ ፓክ የሚባል ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብና ዝርግ ነገር ይመታሉ፤ ከየቡድኑ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይገባል። የክበቡ ጸሐፊ በመጀመሪያው ቀን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ሰሌዳው አናት ላይ ጻፈች፤ እስከ ሰኔ ማንም አላጠፋውም።

አካሄዱ ተማሪዎቹ ከፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የለመዱት ዓይነት ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ቡድን የወሰደውን ተጫዋች ሌላው መንካት አይችልም። አራት ቡድን ሆነው ስማቸውን ከክፍለ ከተሞቻችን ወሰዱ፦ ታቦር፣ ሐይቅ ዳር፣ መናኸሪያ እና ባህል አዳራሽ። ከየትኛውም ዘመን ስድስት ተጫዋችና አንድ አሰልጣኝ ይመርጣሉ። ተራው በዕጣ ነው፤ በአንደኛው ዙር መጨረሻ የመረጠ በሁለተኛው ቀድሞ ይመርጣል። ቁጥር የጠራ ተማሪ ከየት እንዳገኘው ማሳየት አለበት፤ ማሳየት ካቃተው ቁጥሩ ከሰሌዳ ይጠፋል። በዳኝነት የፊዚክስ፣ የታሪክና የስፖርት መምህሮቻችን ተቀመጡ።

አንደኛው ዕጣ ለታቦር ወጣ፤ ካናዳዊውን ዌይን ግሬትዝኪን ጠሩ፤ ማንም አልተገረመም። 894 ግብ፣ 1,963 አሲስት። ሰውየው በሰሜን አሜሪካው ሊግ አንድም ግብ ባያገባ ኖሮ፣ ለግብ ያቀበላቸው ብቻ ከማንኛውም ሌላ ተጫዋች የግብና የአሲስት ድምር ይበልጣሉ። ይህን የሰማ ልጅ ሁሉ ክርክሩ ያለቀ መሰለው።

የዓመቱ ትልቅ ሙግት የተነሣው ግን ሐይቅ ዳሮች ሁለተኛውን ምርጫ ለቦቢ ኦር ሲሰጡት ነው። «ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ዕድል በተከላካይ ይባክናል?» ተባለ። ኦር ተከላካይ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ የሊጉን ተጫዋቾች የነጥብ ሰንጠረዥ (የግብና የአሲስት ድምር) መርቶ ጨርሷል፤ ስምንት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1970–71 የውድድር ዘመን ደግሞ +124 የሚባል ቁጥር አለው። ይህን ለማስረዳት አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው፤ በአንድ ወገን ኦር ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ያገባቸውን፣ በሌላው የገቡበትን ጽፎ ቀነሰ። ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ጎድሎበት ሳለ የገባ ግብ ግን እንደማይደመርለት ሲያክል፣ የፊዚክስ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ሰሌዳውን በቅርበት ማየት ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1970 ኦር የክለቡን የቦስተንን ዋንጫ በተጨማሪ ሰዓት ያረጋገጠበትን ግብ ልናይ ስንል መብራት ጠፋ። ሁሉም በስልኬ ዙሪያ ተኮለኮለ። ሰውየው ግቡን አግብቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ይታያል። አንዲት ልጅ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ በጣቷ ወደኋላ እየመለሰች፣ እያቆመች፣ እንደገና እየመለሰች አየችውና «በደስታ አልዘለለም፤ ተከላካዩ ጠልፎት ነው» አለች። ልክ ናት፤ በዓለም የታወቀው ፎቶግራፍ የተወሰደው በዚያች ቅጽበት ነው።

ታቦሮች መልሳቸውን ከጉልበቱ ጀመሩ። ኦር ጉልበቱ እየተጎዳ የተጫወተው 657 ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ግሬትዝኪ 1,487 ተጫውቷል። ለጥቂት ዓመት ከሁሉ በላይ የሆነ ይበልጣል ወይስ ብዙ ዓመት የቆየ? እኔ ዳኛ ስላልነበርኩ እዚህ መናገር እችላለሁ፦ ለኦር አደላለሁ። የስፖርት መምህሩ አይስማማም፤ ሻይ ላይ አሁንም አልተስማማንም።

አሰልጣኝ ሁሉም በመጨረሻ እመርጣለሁ ብሎ ነበር። የመናኸሪያ ተወካይ የሆነች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን በሁለተኛው ዙር ተነሥታ «ስኮቲ ቦውማን» ስትል ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ሣቁ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች። ዘጠኝ የስታንሊ ዋንጫ (የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደው)፣ በሦስት የተለያዩ ክለቦች፦ ከሞንትሪያል አምስት፣ ከፒትስበርግ አንድ፣ ከዲትሮይት ሦስት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1973፣ የመጨረሻው በ2002። «ተጫዋቹ ተቀየረ፣ ከተማው ተቀየረ፣ ዘመኑ ተቀየረ፤ ያልተቀየረው ማነው?» ብላ ተቀመጠች። በዚያ የሞንትሪያል ቡድን ማን አያሸንፍም የሚል መልስ ተሰጥቷታል፤ ለዲትሮይቱ ግን የሚበቃ መልስ ያመጣ አልነበረም።

ታቦር በኋላ ቪክቶር ቲኾኖቭን ወሰደ፤ ይህም ቀላል አልሆነለትም። የሶቪየቱ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ፣ በሄርብ ብሩክስ ከሚመሩት የአሜሪካ ወጣቶች ጋር ሲጋጠም፣ ትሬትያክን የመሰለ በረኛ ከአንደኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አስወጥቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ታቦሮች እ.ኤ.አ. የ1984፣ የ1988 እና የ1992ቱን የኦሊምፒክ ወርቆች ቆጥረው ሰው በአንድ ውሳኔ አይፈረድበትም አሉ። ጥሩ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ባህል አዳራሾች በረኛቸው ዶሚኒክ ሃሼክ ስለነበር የናጋኖ ኦሊምፒክን እ.ኤ.አ. የ1998 ግማሽ ፍጻሜ አነሡባቸው፤ ሃሼክ ለቼክ ተሰልፎ የካናዳን አምስቱንም መለያ ምት ሲያድን፣ ግሬትዝኪ መቺ ሆኖ ሳይመረጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ታቦሮች ያን ቀን ቶሎ ወደ ቤት ሄዱ።

ከዚያ መጋቢት 28 መጣ። እሑድ ነበር። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን በኒው ዮርክ አይላንደርስ ላይ 895ኛ ግቡን አስቆጥሮ የግሬትዝኪን ሪከርድ ሰበረ፤ ያውም በ1,487ኛ ጨዋታው፣ ግሬትዝኪ በጠቅላላው በተጫወተው ልክ! ኦቬችኪንን ዘግይተው በርካሽ የወሰዱት ባህል አዳራሾች ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳይቀር ሲጨፍሩ ታዩ። ምርጫው እንደገና ይደረግ አሉ፤ ሕጉ አይፈቅድም ተባሉ። ግሬትዝኪ በገነነበት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ጨዋታ የሁለቱም ቡድን ግብ ሲደመር 8 ይደርስ ነበር፤ በኦቬችኪን ዘመን 6 ገደማ ነው። አንዱ የባህል አዳራሽ ልጅ ነገሩን በገበያ አስረዳ፦ ቲማቲም ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፣ የግሬትዝኪ ግብ የበዛበት ቲማቲም ነው። ታቦሮች ታዲያ አሲስቱስ ብለው ጠየቁ። እስካሁን እየጠየቁ ነው።

በመጨረሻው ዙር ሐይቅ ዳሮች ዊሊ ኦሪን ጠሩ። 45 ጨዋታ፣ 4 ግብ። ከዚህ የሚያንስ ቁጥር በሰሌዳው ላይ አልነበረም። ሰውየው ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 በዚያ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ አንድ ዓይኑ ማየት እንደተሳነው ደብቆ። ዳኞቹ ነጥብ ቀነሱባቸው፤ የታሪክ መምህሯ ብቻ አልቀነሰችም። እኔም ብሆን አልቀንስም ነበር። በድምሩ አንደኛ የወጣው መናኸሪያ ነው።

ግንቦት ላይ ወደ ቤታችን ተመልሰን የራሳችንን ሯጮች መረጥን። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ ሲባል የአምናው ጩኸት ተመለሰ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን አንዱ የቀነኒሳን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ሰዓቶች፣ 12:37.35 እና 26:17.53፣ ሲጠራ፣ ከወዲያ በኩል «ስንት አሯሯጭ ነበረው? አበበ በሮም ስንት ነበረው?» የሚል ድምፅ ወጣ። አሰልጣኙ ወልደመስቀል ኮስትሬ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ተወሰዱ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ያደረግናቸው ውድድሮች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የሚወራላቸው አይደሉም፤ ለተባበሩን ሁሉ ግን እናመሰግናለን።

ለ2018 ፕሮጀክተሩ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ተራ እንዲያዝልን ለአስተዳደሩ ጽፈናል። ባህል አዳራሾችም የኦቬችኪን ጉዳይ በአዲሱ ዓመት እንደገና እንዲታይ በፊርማ የተደገፈ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶታል።