ምድጃ የምሠራው ለአየር ንብረት ብዬ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን በአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ሥራ ስለተሰማሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ሁሉም የዓለም ሙቀት መጨመር እንቅልፍ ነስቷቸው ሥራ የጀመሩ ነው የሚመስሉት። እኔ ደብረ ብርሃን «ምርጥ ምድጃ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ እየሠራሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። የእኔን ምክንያት እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ለገቢ ነው። በፊት ብሎኬት ማምረቻ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ምርጥ ምድጃም የሚሠራው ከዚያው ከሲሚንቶና ከፑሚስ፣ ማለትም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ፑሚስ ሲጠፋ ደግሞ በቀይ አሸዋ ይሠራል። የብረት ቅርጽ ማውጫው ካለ ስድስት ቁራጭ ይወጣል። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይይዙታል፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ናቸው። ከዚያ ውሃ እያጠጡ ማቆየት ነው። ብሎኬት የሠራ ሰው አይከብደውም። ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ገበያ አለው፣ ገባሁ። ከእኔ ጋር የምትሠራዋ ልጅ ደግሞ ከሳዑዲ የተመለሰች ናት። ለምን እዚህ እንደምትሠራ ብትጠይቋት «ልጄ አጠገብ ልዋል ብዬ» ነው የምትላችሁ። ይኼም ምክንያት ነው፣ ለምን ጋዜጣ ላይ አይወጣም?

የቆየሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እናቴ በሦስት ጉልቻ ስትጋግር ነው ያደግሁት። አገራችን ብርድ ስለሆነ በር ተዘግቶ ነው የሚጋገረው፣ ጭሱን ማን እንደሚውጠው አትጠይቁኝ። እንጀራ ሰፊ ምጣድ እኩል ካልጋለለት ዓይን አያወጣም፣ ጉልቻው ደግሞ ክፍት ስለሆነ ነበልባሉ ግማሹ በጎን እየወጣ ይባክናል። ምርጥ ምድጃ ዙሪያውን ዘግቶ እሳቱን ምጣዱ ሥር ስለሚይዘው ማገዶው ወደ ግማሽ ይወርዳል። አዲስ ግኝትም አይደለም፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እሺ፣ ወጡ ይቅር፣ ማገዶውና ዓይናችን ይትረፉ።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ኩበቱ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ሲያጥርና ሲወደድ ሰው የሚያነደው ኩበት ነው። ገብስ ማሳ ላይ ሊበተን የሚገባው ፍግ ምጣድ ሥር ገብቶ አመድ ይሆናል፣ ከዚያ ያው ገበሬ ክረምት ሲቃረብ ከውጭ በዶላር የሚገባ ማዳበሪያ ለማግኘት ይሰለፋል፣ ዋጋው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፣ መሬቱም እያደር ጉልበቱ ያልቃል። ለገበያ የመጣን ገበሬ ስለ ካርቦን ብነግረው በትዕግሥት ያዳምጠኝና ይሄዳል። ስለ ኩበት ከጀመርኩለት ግን ቁጭ ብሎ እሱ ነው የሚያስረዳኝ። ምድጃውንም የሚገዛው ያን ጊዜ ነው። እኔ አካባቢ ጥበቃ የምለው ይኼን ነው፣ ስሙ ምንም ይሁን።

አሁን አሁን «ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ፣ ምን የማገዶ ምድጃ ትሠሪያለሽ?» የሚሉኝ አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ እኔም እልል ብያለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ጥሩ። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። መስመሩ ያልገባበት ገጠር ገና ብዙ ነው፣ የገባበትም ቢሆን መንደሩ ሁሉ ባንድ ጠዋት ምጣድ ቢሰካ ምን እንደሚሆን የመብራት ሠራተኛ ይንገራችሁ። ከተማ ያለችዋም ብትሆን መብራት ሲጠፋ የምትጥድበት አንድ ነገር ጓዳ ታስቀምጣለች። ሁሉም ቤት በኤሌክትሪክ የሚጋግርበት ቀን ሲመጣ እኔ በደስታ ወደ ብሎኬቴ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግን ሰው እንጀራ ይበላል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በየጊዜው የሆነ ፕሮጀክት ይመጣና ምድጃ በነፃ ያድላል። ሰውም «ዘንድሮም ይመጣሉ» እያለ ከእኛ መግዛት ያቆማል። አንዳንዱ የሚታደለው ደግሞ ሲሚንቶ የተሰሰተበት ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ይፈረፈራል፣ ከዚያ ሴትየዋ ወደ ጉልቻዋ ትመለስና «ምርጥ ምድጃ አይረባም» ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ስሙ የሚጠፋው የእኔ ነው። የተሰነጠቀውን አንዱን ቁራጭ ብቻ ለይቶ የሚቀይርላት ሰው የለም፣ ያደላት ሰው ፎቶውን አንስቶ ሄዷል። እናቶችን መርዳት ከፈለጉ የዋጋውን ግማሽ ይደግፉና ምድጃውን እዚሁ ካለነው ሠሪዎች ይግዙ። ቢሰበር እኔን የት እንደሚያገኙኝ ያውቃሉ።

ጋዜጠኛ ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደስ ይለኛል። በገበያ ቀን ብቻ አይሁን፣ ያን ቀን ለወሬ ጊዜ የለኝም።

ስሜ ይቆየኝ
ከደብረ ብርሃን