ውሃው መጣ ወይ?

ቲጂዬ፣

ልደውልልሽ ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ መልሼ አስቀመጥኩት። መጻፉ ሳይሻል አይቀርም።

ጋሼ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባውም አለፈ፣ ከዚያ ወዲያማ በምን ፊቴ? ሰበብ ነበረኝ፤ አሁን ሳየው ግን ሰበቡ ራሱ ያሳፍራል፣ ስለዚህ አልነግርሽም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን ይማርልን። ከዚህ በላይ ከጻፍኩ እቀደዋለሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጉዳዬ ጌም ነው። አትሳቂ። ወይም ሳቂ፣ ብትስቂ ደስ ይለኛል።

ጌም እየሠራሁ ነው። የምሬን። ከሥራ መልስ ማታ ማታ፣ ስምንት ወር ሆነኝ። ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል፤ ታነቢያለሽ፣ ትመርጫለሽ፣ ያው የመረጥሽው ይከተልሻል። ከማርስ ወዲያ የምትንሳፈፍ አሮጌ ጣቢያ አለች፤ ሁለት መቶ ሰው ይኖርባታል፤ ውሃ በፈረቃ ነው። አዎ፣ ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ።

የከበደኝ ሰዓቱ ነው። ተጫዋቹ ውሃውን የሚያመጣበት የቀን ገደብ ይኑረው ወይስ እንዳሻው ይዙር? ድሮ ቢሆን አንድ ሌሊት ተጨቃጭቀን እንፈታው ነበር። አሁን የምጨቃጨቀው ከራሴ ጋር ነው። እኔ ደግሞ እንዳንቺ ግግም አይደለሁም፣ ቶሎ እሸነፋለሁ።

ያንቺን ክርክር በቃሌ ይዤዋለሁ። አርፒጂ (ገጸ ባሕሪ ሆነሽ የምትጫወችው ጌም) ማለት መዞር ነው፤ ሰዓት ካሰሩብሽ ፈተና ሆነ። ፎልአውትን የጠላሽው በዚህ ነበር። የመጀመሪያውን ማለቴ ነው፣ በፈረንጆቹ የ1997ቱን፤ የወንድምሽ ኮምፒውተር ከእሱ የከበደ መሸከም አልችል ብሎ የቀረልንን። ቮልት 13 የሚባል የምድር ውስጥ መጠለያ አለ፤ ውሃውን የሚያጣራለት ቺፕ ተበላሽቷል፣ 150 ቀን ተሰጥቶሽ ወደ በረሃው ትወጫለሽ፣ ቀኑ ካለቀ እዚያ ጉድጓድ ያለው ሰው ሁሉ አለቀ። አንቺ በየመንደሩ የሰው ጓዳ ስትበረብሪ ቀኑ ይነጉዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ትሳደቢያለሽ። ለውሃ ነጋዴዎቹ ከፍለን 100 ቀን ያስጨመርነው እንኳ በኔ ጉትጎታ ነው።

ጋሼ የገቡበትን ማታ ታስታውሻለሽ? ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመው «ሰውዬው ምን ጎድሎት ነው?» አሉ። ውሃ አልናቸው። ውሃ ሲባል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያን ሰሞን ቧንቧችሁ የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ተነስተው ጀሪካን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው «ውሃው መጣ ወይ?» ሆነ። የቱን ውሃ እንደሆነ አንዳንዴ ግራ ይገባን ነበር።

ቺፑን ኔክሮፖሊስ የምትባለው ፍርስራሽ ከተማ ሥር ያገኘን ቀንማ! አንቺ መንቅረሽ ልትሮጪ። ጋሼ «እነዚህስ?» አሉ። እነማን? «እነዚህ ቆዳቸው የተላጠው። ይሄን ከወሰዳችሁባቸው ምን ሊጠጡ ነው?» ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር። ተመልሰን የፍሳሹ ቦይ ውስጥ ገባን፣ ቁርጥራጭ ብረት ፈልገን የነሱን ፓምፕ ጠገንን። እሱን ሳታደርጊ ቺፑን ይዘሽ ብትሄጂ ጌሙ አይከለክልሽም፤ እነሱ ይጠማሉ፣ በቃ። ዛሬ ቢሆን ካርታው ላይ ነጥብ አብርቶ ነው የሚጎትትሽ። እኔ ጌም እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ ማታ የበለጠ ያስተማረኝ የለም።

መጨረሻው ላይ የቮልቱ አለቃ በር ላይ ቆሞ ሰውዬውን ሲያባርረው ደግሞ ጋሼ ሁለት ቀን ተናደዱ። «ውሃ ያመጣ ሰው!» እያሉ።

ለማንኛውም፣ የኔ ችግር ይሄ ነው። ሌሎቹ ጌሞች ይዋሹሻል። ፎልአውት 4 ላይ ልጇን የተሰረቀች እናት አልጋ ትሠራለች፣ አትክልት ትተክላለች፤ ልጁ የትም አይሄድም። ሳይበርፐንክ ላይ የቀረሽ ዕድሜ ሳምንታት ነው ተብለሽ በየሰፈሩ ቡጢ ስትገጥሚ ትከርሚያለሽ። ዓለም ልትጠፋ ነው ይሉሻል፣ ዓለም ግን አንቺ እስክትጨርሺ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ማስ ኢፌክት 2ም እንደዚያ ይመስል ነበር፤ እስከዚያች ቀን። የጠፈር መርከብሽ ሠራተኞች ተጠለፉ፣ አንቺ ግን የለመድሽውን ሚሽን ልጨርስ ብለሽ ቆየሽ። ስትደርሺ ከዶክተሯ በቀር የተረፈ የለም። ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽ፣ ያኮረፍሽው ደግሞ እኔን! ሳያስጠነቅቁ ነው የቀጡኝ ብለሽ። ልክ ነሽ፣ ያን ሁሉ ሰዓት መዘግየት አስለምደውሽ ድንገት መቅጣት ግፍ ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ጌም እስከ ዛሬ የምናነሳው እሱን አይደል?

በሌላ በኩል ፎልአውትን የሠሩት ራሳቸው ከ150ው ቀን ሌላ የነበረውን የጊዜ ገደብ በኋላ በፓች (ጌሙ ከወጣ በኋላ በሚለቀቅ ማስተካከያ) አንስተውታል። ማለት፣ እንዳንቺ የሚጮህ ብዙ ሰው ነበረ።

አሁን የኔን ልንገርሽ። ጣቢያዋ ላይ የውሃውን መዝጊያ የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ባለፍሽ ቁጥር «ውሃው መጣ ወይ?» ይልሻል። 40 ቀን ሰጥቻለሁ። ካለፈ ስትመለሺ ወንበሩ ባዶ ነው። ማንም ምንም አይልሽም። ሙዚቃም የለም።

የእህቴን ልጅ አጫወትኩት። ዞረ፣ ዞረ፣ ለድመት ምግብ ፈለገ (ድመት አስገብቻለሁ፣ አትሳቂብኝ)። በ43ኛው ቀን ተመለሰ። ስክሪኑን ትንሽ አየና «ሰውዬው የት ሄደ? ባግ ነው እንዴ፣ የጌሙ ስህተት?» አለኝ።

አዎ፣ ባግ ነው አልኩት።

ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ፋይሉን አልከፈትኩትም።

ቲጂ፣ ሽማግሌውን «ጋሼ» ብዬዋለሁ። ሳላስፈቅድሽ። መጀመሪያ ለጊዜው ነበር ያልኩት፣ ስም እስካገኝ። ከዚያ ሌላ ስም ስሰጠው አፉ ላይ ያለው ቃል ሁሉ አልሆን አለ። ካስከፋሽ እቀይረዋለሁ። ሰዓቱንም አውጪው ካልሽ አወጣዋለሁ፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይኑር። ይሄን ላንቺ እተወዋለሁ፣ እኔ መወሰን አልቻልኩም።

ጌሙን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ 30 ሜጋ እንኳ አይሞላም። ባትከፍቺውም ይገባኛል። የቅዳሜ ጠዋት የሐዋሳ ትኬት ቆርጫለሁ። የዘገየ ለቅሶ ለቅሶ ከተባለ ልደርስሽ ነው። በሩን ካልከፈትሽልኝ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪያየኝ።

እዚያም ውሃ በፈረቃ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ጀሪካን ይዤ እመጣለሁ።

ያቺው ወረተኛ ጓደኛሽ