ተወኝ ብለሽ እንዳትቀሪ

ሳዑዲ ላለችው ልጄ ለዘሀራ፣

አሰላሙ አለይኩም የኔ ዓለም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። ትናንት ማታ የአክስትሽ ልጅ ደውላ ሁሉን ነገረችኝ። ጉንጭሽ አብጦ በሻሽ ሸፍነሽ ነው አሉ ያወራሻት። ለእኔ ሲሆን ካሜራው ተበላሽቷል! እናትሽን ለማታለል ገና ነሽ።

«ጥርሴ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ» ብለሻታል። ከእብጠቱ ይልቅ ያስደነገጠችኝ ይቺ «ተወኝ» ናት።

አጎትሽ ሰዒድ ከጺሙ ሥር ያለችውን ጠባሳ ታውቂያታለሽ። በልጅነትሽ እየነካካሽ ስትጠይቂው «ግመል ነክሶኝ ነው» ይልሽ ነበር። ውሸቱን ነው፤ መንጋጋ ጥርሱ ነው እንዲያ ያደረገው። የተቦረቦረ ጥርስ ነበረው፣ ሥሩ መግል ቋጠረ። ቀን ይችለዋል፣ ሌሊት ጋደም ሲል ግን ትር ትር እያለ ያስጮኸዋል። እናታችን ቅርንፉድ አስያዘችው፣ ለጊዜው አደነዘዘለት። አንዱ ደግሞ አስፕሪን ድድህ ላይ አኑር ብሎት ድዱን አቃጥሎ ላጠው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሕመሙ ድርግም አለ። «ተገላገልኩት፣ ተወኝ» አለና ሰኞ ግመሎቹን ይዞ ባቲ ገበያ ወረደ። ለካ ዝም ያለው የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ ነው፤ መግሉ ውስጥ ለውስጥ መንገዱን ይዟል። ማክሰኞ ማታ ከአገጩ በታች እንደ እንጨት ደርቆ አበጠ። ምላሱ ወደ ላይ ተነሣ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በፎጣ ይጠርግ ጀመር። በጭነት መኪና ነው ደሴ ያደረስነው። እኔ ጋቢና ውስጥ ራሱን ቀና አድርጌ ይዣለሁ፤ ላስተኛው ስል ይታፈናል። ያን ሌሊት የሐረጎ ጠመዝማዛ አላልቅ አለኝ። ሐኪሞቹ አንገቱን ከውጭ ቀደው መግሉን አወጡ፣ ጥርሱንም ነቀሉ። ትንሽ ብትዘገዩ አየር ይዘጋበት ነበር አሉን።

እና ልጄ፣ ሕመሙ ተወኝ ብለሽ እንዳትቀሪ።

ሳልረሳው፣ ጓደኛሽ የሰጠችሽን አሞክሳሲሊን እንዳትነኪው! ሕፃን ሆነሽ ፔኒሲሊን ተወግተሽ ፊትሽ አብጦ ትንፋሽ ያጠረሽ ጊዜ አንቺ አታስታውሺውም፣ እኔ አልረሳውም። አሞክሳሲሊን ከዚያው ወገን ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ «ዐንዲ ሐሳሲያ ሚን አልፔኒሲሊን»፣ የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ በዪው። የሚስማማሽን ቢሰጡሽም በኪኒን ብቻ አይድንም፤ መግሉ መውጣት አለበት። ራጅ ያንሡሽና ወይ ሥሩን ከፍተው አጽድተው ይሙሉት፣ ወይ ይንቀሉት። መትረፍ ከቻለ ይትረፍ፤ ካልሆነም የኋላ ጥርስ ነው፣ ማን ያየዋል።

ማዳምሽን አትፍሪያት። ኮንትራቱ ላይ ሕክምና በአሠሪ ነው ይላል፤ አባትሽ ሁለቴ አንብቦልሻል። እንቢ ካለች የዚህን ወር ብር አትላኪ፣ ለጥርስሽ ይሁን። የቤቱ ቆርቆሮ የትም አይሄድም። ይህን ስልሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ፤ አታልቅሺ፣ ጉንጭሽን ያምሻል።

እስክትታከሚ ለብ ባለ የጨው ውኃ ተጉመጥመጪ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ፣ በመርፌ እንዳትወጊው። ካመመሽ ፓራሲታሞል ዋጪ፤ ግን ባለ 500ውን በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳታሳልፊ። አይቡፕሮፌን ይቅርብሽ፣ ጨጓራሽን ታውቂዋለሽ። ትኩሳት ከያዘሽ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ፣ እብጠቱ ወደ ዓይንሽ ወይም ወደ አንገትሽ ከሄደ፣ መዋጥ ወይ መተንፈስ ከከበደሽ ማንንም አታስፈቅጂ፤ ሌሊትም ቢሆን 997 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ።

ተወኝ የሚል የድምፅ መልእክት እንዳትልኪልኝ፣ አልሰማውም። ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ፤ የት እንደታከምሽ፣ ምን እንዳሉሽ፣ መቼ ተመለሽ እንዳሉሽ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ